በከተማ ቦታ ላይ ሕዝባዊ ዝግጅት ለማካሄድ ፈቃድ እንዴት ይወጣል?

የከተማ መንገድ፣ አደባባይና መናፈሻ የጋራ ነው፤ አንድ አዘጋጅ እንዲህ ያለውን ቦታ ለአንድ ቀን ሲጠይቅ ከሌላው ነዋሪ ለጥቂት ሰዓታት እየተዋሰ መሆኑን ማወቅ ይኖርበታል። ፈቃድ ሰጪው ጽሕፈት ቤት ማመልከቻው ላይ የሚፈልጋቸው መልሶችም ከዚሁ የመነጩ ናቸው። ምን ያህል ቦታ ይወስዳሉ? ለስንት ሰዓት? በዚያ ጊዜ ውስጥ አንድ ነገር ቢበላሽ ማን ይጠየቃል? ሲያበቃስ ቦታውን በምን ሁኔታ ይመልሳሉ? የዝግጅቱን ዓላማ በሁለት ገጽ አስውበው የሚያብራሩ፣ ነገር ግን አምቡላንስ በየት በኩል እንደሚገባ አንድ መስመር እንኳ ያልጻፉ ማመልከቻዎች ሲመለሱ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ፋይሉን የሚያገላብጠው ሠራተኛ ዓላማውን ጠልቶት አይደለም፤ ፊርማው ተጠያቂነትን እንደሚያስከትል ስለሚያውቅ፣ ሳይሰጋ የሚፈርምበት ወረቀት ስላላገኘ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እንዲህ ዓይነቱን ወረቀት ስለማዘጋጀት ነው።

ፈቃድ የሚያስፈልገው ለምኑ ነው?

በአብዛኞቹ ከተሞች ፈቃድ የሚያስጠይቀው ሰው መሰብሰቡ ብቻ ሳይሆን ከመሰብሰቡ ጋር ተያይዞ የሚመጣው ነገር ነው። መንገድ መዝጋት፣ መድረክና ድንኳን መትከል፣ ድምፅ ማጉያ መጠቀም፣ ጄኔሬተር ማስነሳት፣ ምግብና መጠጥ መሸጥ፣ የመግቢያ ክፍያ መቀበል፣ ርችት መተኮስ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ደንብና የራሳቸው ተቆጣጣሪ አላቸው። በዚህም ምክንያት 50 ሰው ብቻ የሚገኝበት፣ ነገር ግን የጋዝ ምድጃና ድንኳን ያለው ትንሽ ዝግጅት ሦስት ፊርማ ሊጠይቅ ይችላል፤ 200 ሰው ሣር ላይ ተቀምጦ መጽሐፍ ለሚያነብበት ዝግጅት ግን ቦታውን ማስያዝ ብቻ ሊበቃ ይችላል። ስለዚህ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ከመሄድዎ በፊት ዝግጅቱ ላይ የሚኖረውን ዕቃና ተግባር ሁሉ ትንሽ ነው ብለው ሳይንቁ በወረቀት ይዘርዝሩ፤ የትኛው የትኛውን ክፍል እንደሚነካ የሚታወቀው ከዚያ ዝርዝር ነው።

ሰላማዊ ሰልፍ ወይም ሐሳብን ለመግለጽ የሚደረግ ስብሰባ ከዚህ ተለይቶ መታየት አለበት። የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን በአንቀጽ 21 በሰላም የመሰብሰብን መብት አውቋል፤ የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ኮሚቴም እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው 37ኛ አጠቃላይ ማብራሪያ፣ ፈቃድ መጠየቅ ግዴታ መሆኑ የመብቱን መሠረታዊነት እንደሚሸረሽር አስፍሯል። በመሆኑም በብዙ አገሮች ሕግ ሰልፈኛው የሚጠበቅበት አስቀድሞ ማሳወቅ ነው። የሙዚቃ ድግስ፣ ባዛር፣ የጎዳና ሩጫ ወይም የፊልም ማሳያ የሚያዘጋጅ ሰው ግን ፈቃድ ያስፈልገዋል። የሚያዘጋጁት ነገር ከሁለቱም ያለበት ከሆነ፣ ለምሳሌ በሰልፍ ተጀምሮ በመድረክ ዝግጅት የሚያልቅ ከሆነ፣ ሁለቱን ለያይተው ማቅረብ ይሻላል፤ አለበለዚያ የአንዱ መዘግየት ሌላውን ይዞት ይቀራል።

ባለቤት የሌለው ስብስብ ምን ሊያስከትል እንደሚችል እ.ኤ.አ. ጥቅምት 29 ቀን 2022 በሴኡል ኢቴዎን ሠፈር ታይቷል። ስፋቱ 4 ሜትር ገደማ በሆነ ተዳፋት መተላለፊያ ውስጥ ሰው ከሁለቱም አቅጣጫ ተገፋፍቶ 159 ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። ሰዉን የጠራው አንድ የታወቀ አዘጋጅ ስላልነበረ የደኅንነት ዕቅድ አዘጋጅቶ ለባለሥልጣን የማቅረብ ግዴታ ያለበት አካልም አልነበረም። ማመልከቻው ላይ «ኃላፊነቱን የሚወስደው ሰው ስም» የሚለውን ክፍት ቦታ ሲሞሉ ይህን ያስቡ፤ ለይስሙላ የድርጅት ስም የሚጻፍበት መስመር አይደለም። በዕለቱ ቦታው ላይ የሚገኝ፣ ስልኩ የሚነሣና ዝግጅቱን የማቆም ሥልጣን ያለው አንድ ሰው እንዲሁም የእሱ ምትክ ሊጻፍበት ይገባል።

ጊዜውን ወደ ኋላ መቁጠር

ትንሽ ዝግጅት በ30 ቀን ውስጥ ሊፈቀድ ይችላል፤ መንገድ የሚያዘጋ ወይም ብዙ ሺህ ሰው የሚጠራ ዝግጅት ግን በብዙ ከተሞች ከ60 እስከ 90 ቀን አስቀድሞ እንዲቀርብ ይጠየቃል፤ ከዚያም በላይ የሚጠይቁ አሉ። ይህ ቀን የሚቆጠረው የተሟላ ፋይል ከገባበት ጊዜ ጀምሮ እንጂ የመጀመሪያውን ቅጽ ካስገቡበት ዕለት አይደለም፤ አንድ አባሪ ጎድሎ የተመለሰ ማመልከቻ ወረፋውን ከመጨረሻ ሊጀምር ይችላል። ስለዚህ ከዝግጅቱ ዕለት ወደ ኋላ ይቁጠሩና ደንቡ ከሚጠይቀው በላይ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ትርፍ ያስቀምጡ።

ቀን ከመቁረጥዎ በፊት ቦታው በዚያን ዕለት ለሌላ አለመያዙን፣ በአቅራቢያውም ፖሊሱንና አምቡላንሱን የሚሻማ ሌላ ትልቅ ዝግጅት አለመኖሩን ያጣሩ። ሁለት ቀን አማራጭ አድርገው ቢያቀርቡ የሠራተኛውንም ሥራ ያቀሉለታል። ፈቃዱ በእጅ ሳይገባ ማስታወቂያ መለጠፍና ትኬት መሸጥ በእኔ ግምት ትልቁ ስህተት ነው፤ አንዳንድ ከተሞች በደንብ ይከለክሉታል፣ ባይከለክሉም ጽሕፈት ቤቱን ለማስገደድ የተደረገ ይመስላል፣ በዚያ ላይ ሰዓት ወይም ቦታ ቀይሩ የሚል ቅድመ ሁኔታ ቢመጣ የተበተነውን ወረቀት መሰብሰብ አይቻልም።

ቦታውን በእግር መለካት

ንድፍ ወረቀት ላይ ከመሰመሩ በፊት ቦታውን በዝግጅቱ ሰዓትና በሳምንቱ በዚያው ቀን ሄዶ ማየት ያስፈልጋል። የማክሰኞ ጠዋት አደባባይና የቅዳሜ ማታ አደባባይ አንድ አይደለም። ረጅም የመለኪያ ሜትር፣ ጠመኔ፣ ካሜራና አንድ የሚያግዝዎ ሰው ይዘው ይሂዱ። የአደባባዩን ወርድና ቁመት ከለኩ በኋላ ዐይን የሚስታቸውን ነገሮች አንድ በአንድ ይመዝግቡ፦ የፍሳሽ ጉድጓድ ክዳን፣ የመብራት ምሰሶ፣ ዝቅ ብሎ የተዘረጋ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ የተንጠለጠለ ቅርንጫፍ፣ በአካል ጉዳተኛ ጋሪ የማያስወጣ የእግረኛ መንገድ ጠርዝ፣ የጎረቤት ሕንፃ የአደጋ ጊዜ መውጫ በር፣ ከጀርባው ወደሚኖሩ ሰዎች ቤት የምታስገባ ቀጭን መተላለፊያ።

ይህን የምለው ተቀጥቼ ስለተማርኩ ነው። በአንድ ዝግጅት ንድፉን የሠራሁት ከሳተላይት ምስል ላይ ብቻ ነበር፤ ወረቀቱ ሲታይ የሚያምር፣ ድንኳኖቹም በገመድ የተለኩ የሚመስሉ ነበሩ። በዕለቱ ማለዳ የእሳት አደጋ ተቆጣጣሪው መጣና ምንም ሳይናገር የአንዱን ድንኳን ጨርቅ ከሥሩ ገለጥ አደረገው። ከኋላው የእሳት አደጋ መኪና ውሃ የሚቀዳበት ቀይ ቧንቧ ቆሟል፤ ከዛፍ ጥላ ሥር ስለሆነ ምስሉ ላይ አይታይም። አራት ድንኳን ተነቅሎ፣ ጠረጴዛው ተገልብጦ፣ የኤሌክትሪክ ገመዱ እንደገና ተዘርግቶ ዝግጅቱ በ2 ሰዓት ዘገየ። ተቆጣጣሪው ልክ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ በእግሬ ዞሬ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ስንት ሰው ይይዛል?

ማመልከቻው ላይ ብዙ ሰው የሚዋሽበት ክፍት ቦታ ይህ ነው። ክፍያውና ጥበቃው እንዲቀንስ የሚጠበቀውን ሰው አሳንሶ የሚጽፍ አለ፤ ዝግጅቱን ለማግነን አብዝቶ የሚጽፍም አለ። ሁለቱም የሚጎዱት አዘጋጁን ነው፤ ምክንያቱም የመጸዳጃው ቁጥር፣ የመውጫው ስፋት፣ የአምቡላንሱና የጥበቃው ብዛት የሚሰላው ከዚህ አኃዝ ነው። ትክክለኛው መንገድ በግምት ከመጻፍ ይልቅ ቦታው ምን ያህል እንደሚይዝ አስልቶ ከዚያ በታች መጻፍ ነው።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። አደባባዩ 60 ሜትር በ40 ሜትር ነው እንበል፤ ስፋቱ 2,400 ካሬ ሜትር ይሆናል። ከዚህ ላይ 12 በ10 የሆነ መድረክ 120 ካሬ ሜትር ይወስዳል። አደባባዩን በቁመቱ የሚያቋርጥ 6 ሜትር ስፋት ያለው የአደጋ ጊዜ መኪና መንገድ 360 ይወስዳል። ሦስት በሦስት የሆኑ 20 ድንኳኖች 180፣ መጸዳጃው፣ ጄኔሬተሩና ከመድረኩ ፊት ባዶ የሚተወው ክልል ደግሞ 240 ይወስዳሉ። የሚቀረው 1,500 ካሬ ሜትር ነው። ሰው ያለ ጭንቀት ወዲያ ወዲህ እንዲል በካሬ ሜትር 2 ሰው ቢታሰብ 3,000 ሰው ይይዛል። በአንድ ካሬ ሜትር ከ5 ሰው በላይ ሲሆን አደጋው እየከፋ ይሄዳል፤ 7 ሲደርስ ግለሰቡ በራሱ ፈቃድ መራመድ ያቅተውና ሕዝቡ እንደ ውሃ ይናወጣል። ሙሉ አደባባዩን በ5 አባዝቶ «12,000 ሰው ይይዛል» የሚል አዘጋጅ ቁጥሩን ከየት እንዳመጣው የሚጠይቀው ሰው አያጣም።

ቀጥሎ መውጫውን ያስሉ። የእንግሊዝ የስታዲየም ደኅንነት መመሪያ በደልዳላ መሬት ላይ በአንድ ሜትር ስፋት በደቂቃ ቢበዛ 82 ሰው፣ በደረጃ ላይ ደግሞ 66 ሰው እንደሚያልፍ አድርጎ ያሰላል፤ ሰው ቦታውን ለቆ ወደ ነፃ መተላለፊያ የሚወጣበት ጊዜም ከ8 ደቂቃ እንዳይበልጥ ይጠይቃል። የእኛ አደባባይ እያንዳንዳቸው 3 ሜትር የሆኑ ሁለት መውጫዎች ቢኖሩት በደቂቃ 492 ሰው ስለሚወጣ 3,000ው ሰው በ6 ደቂቃ ገደማ ይወጣል፤ ይህ መልካም ይመስላል። ሆኖም አንዱ መውጫ በእሳት ወይም በወደቀ ዕቃ ቢዘጋ ጊዜው እጥፍ ሆኖ ከ12 ደቂቃ ያልፋል። ሦስተኛ መውጫ ቢጨመር ግን አንዱ ቢዘጋ እንኳ ሁለቱ ስለሚቀሩ ከ8 ደቂቃ አይበልጥም። ይህን ስሌት በግማሽ ገጽ ጽፈው ከንድፉ ጋር አያይዙት። ባይጠየቁ እንኳ ያያይዙት፤ በእሳት አደጋና በፖሊስ ክፍል የሚነሣውን ጥያቄ ግማሽ ያህሉን ከወዲሁ ይመልሳል።

የመግቢያና የመውጫ መንገድ መለያየትም እንዲሁ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በጀርመን ዱይስቡርግ ከተማ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 24 ቀን 2010 በተካሄደው የሙዚቃ ፌስቲቫል 21 ሰዎች የሞቱት፣ ከ500 በላይ የቆሰሉት፣ ገቢውና ወጪው ሕዝብ አንድ ዋሻና ከዋሻው በሚያወጣ አንድ ዋና መወጣጫ ላይ በመገናኘቱ ነበር። በወረቀት ላይ ሁለት ቀስቶች ተቃራኒ አቅጣጫ ይዘው በአንድ መስመር ላይ ከተሳሉ ንድፉ መቀየር አለበት።

ንድፉን መሳል

ንድፉ የግድ በኮምፒውተር ይሠራ አይባልም፤ በማስመሪያ በንጹሕ ወረቀት የተሠራ፣ ልኬቱ የተጻፈበት ንድፍ ልኬት ከሌለው ባለቀለም ሥዕል ይበልጣል። ሰሜን በየት በኩል እንደሆነ ያመልክት፤ መሥፈርቱ፣ ለምሳሌ 1 ሴንቲ ሜትር ለ5 ሜትር፣ ጥግ ላይ ይጻፍ። መድረኩ፣ ድንኳኖቹ፣ አጥሩ፣ መግቢያና መውጫው፣ የአደጋ ጊዜ መንገዱ፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ ጣቢያው፣ መጸዳጃው፣ የውሃ ነጥቡ፣ ጄኔሬተሩና ነዳጁ፣ የእሳት ማጥፊያ ሲሊንደሮቹ፣ የቆሻሻ ማጠራቀሚያው፣ የአካል ጉዳተኞች መመልከቻ፣ የጠፋ ሕፃን የሚጠበቅበት ቦታ ሁሉ በቁጥር ይጠቆሙ፤ ከሥሩም የቁጥሮቹ ትርጉም በሠንጠረዥ ይቀመጥ። የአደጋ ጊዜ መንገዱ ስፋት እንደየከተማው ደንብ ይለያያል፤ በብዙ ቦታ ከ3.7 እስከ 6 ሜትር ገደማ ይጠየቃል። በላዩ ላይ የተዘረጋ ባነር ወይም ሽቦም የእሳት አደጋ መኪና እንዳያግድ ከፍታው ይጠቀስ።

ንድፉን በቀን ይለዩት። ማስተካከያ በተደረገበት ቁጥር ጥግ ላይ አዲሱን ቀንና «ማሻሻያ 2»፣ «ማሻሻያ 3» እያሉ ይጻፉበት፤ ፖሊስ አንዱን፣ እሳት አደጋ ሌላውን ንድፍ ይዘው ቦታው ላይ ሲከራከሩ ማየት ደስ አይልም።

አንድ ፈቃድ፣ ብዙ ፊርማ

አዘጋጆች ፈቃድ ሲሉ የሚታያቸው አንድ ወረቀትና አንድ ማኅተም ነው። በተግባር ግን ያ ወረቀት የብዙ ክፍሎች ስምምነት ድምር ነው፤ አንዳንድ ከተሞች ፋይሉን ራሳቸው ለየክፍሉ ያከፋፍላሉ፣ በሌሎች ደግሞ አዘጋጁ ከቢሮ ቢሮ ይዞ ይዞራል። የትኛው እንደሆነ በመጀመሪያው ቀን ይጠይቁ። እርስዎ የሚያዞሩት ከሆነ ቅደም ተከተሉን ይወቁ፤ የቦታው ባለቤት የሆነው ክፍል፣ ለምሳሌ የመናፈሻ ወይም የመንገድ አስተዳደር፣ መጀመሪያ ካልተስማማ ሌሎቹ አያዩልዎትም።

የትራፊክ ክፍል የሚፈልገው የትኛው መንገድ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት እንደሚዘጋ፣ መኪናውና አውቶቡሱ በየት እንደሚዞር፣ የተዘጋው መንገድ ውስጥ የሚኖር ሰው ታማሚ ቢኖረው እንዴት እንደሚወጣ ነው። እዚህ ላይ የመትከያና የማንሻ ጊዜ ይረሳል፤ ዝግጅቱ የሚቆየው 4 ሰዓት ቢሆንም መድረክ ለመትከል 6 ሰዓት፣ ለማንሣት 3 ሰዓት የሚፈጅ ከሆነ የሚጠየቀው መዝጊያ 13 ሰዓት ነው። የጤና ክፍል ምግብ የሚሸጡትን ሰዎች ዝርዝር፣ የእጅ መታጠቢያና የመጸዳጃ ብዛት ይጠይቃል፤ ለሴቶች የሚዘጋጀው መጸዳጃ ከወንዶቹ በቁጥር መብለጥ እንዳለበት አስቀድመው ያስቡበት፤ በየዝግጅቱ ሰልፉ የሚረዝመው በሴቶቹ በኩል ነውና። የጽዳት ክፍል ብዙ ጥያቄ የለውም፤ ማን፣ መቼ፣ በምን መኪና እንደሚያነሣ ከጻፉለት ይበቃዋል።

ከሁሉም ጠንከር የሚለው የእሳትና ድንገተኛ አደጋ ክፍል ነው፤ መጥበቁም ተገቢ ነው። የድንኳኑ ጨርቅ እሳት የማይዛመትበት መሆኑን የሚያሳይ የአምራች ማረጋገጫ፣ የጋዝ ሲሊንደር አያያዝ፣ የጄኔሬተር ነዳጅ የሚቀመጥበት ርቀት፣ የኤሌክትሪክ ገመዱ ሰው በማይረግጠው መንገድ መዘርጋቱ ይታያል። ርችት ወይም የመድረክ እሳት ካለ ለብቻው ፈቃድ ይጠየቅበታል፤ ዋናው ፈቃድ ይሸፍነዋል ብሎ ማሰብ አደገኛ ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2003 በአሜሪካ ሮድ አይላንድ ግዛት በአንድ የምሽት ክበብ ውስጥ ፈቃድ ሳይወጣለት የተለኮሰ የመድረክ ርችት ግድግዳው ላይ የነበረውን ስፖንጅ አቀጣጥሎ 100 ሰው ገድሏል።

ድምፅን በተመለከተ ማመልከቻው ላይ «ሕጉን እናከብራለን» ብሎ መጻፍ አያሳምንም። በክፍት ቦታ ላይ ከድምፅ ምንጩ ያለው ርቀት እጥፍ ሲሆን የድምፁ መጠን በ6 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል፤ በ10 ሜትር ላይ 95 ዴሲቤል የሚያወጣ ማጉያ በ20 ሜትር ላይ 89፣ በ40 ሜትር ላይ 83፣ በ80 ሜትር ላይ 77 አካባቢ ይሆናል። የቅርቡ መኖሪያ ቤት በስንት ሜትር ላይ እንዳለ ለክተው ይህን አስልተው ያቅርቡ፤ ማጉያዎቹም ጀርባቸውን ለቤቶቹ ሰጥተው እንዲቆሙ በንድፉ ላይ ያሳዩ። ለአድማጩ ጆሮ ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው መሥፈርት በ15 ደቂቃ አማካይ ከ100 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ይመክራል። ሙዚቃ የሚያሰሙ ከሆነ የቅጂና ተዛማጅ መብት ክፍያ ከከተማው ፈቃድ ውጭ የሆነ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው።

የአየር ሁኔታም በዕቅዱ ውስጥ አንድ ገጽ ይገባዋል። በአሜሪካ ኢንዲያና ግዛት እ.ኤ.አ. ነሐሴ 13 ቀን 2011 በኃይለኛ ነፋስ የመድረክ ጣሪያ ወድቆ 7 ሰው ሲሞት፣ ከምርመራው ከወጡት ነጥቦች አንዱ ዝግጅቱን የማቆም ሥልጣን የማን እንደሆነ በግልጽ አለመታወቁ ነበር። ስለዚህ ነፋሱን በምን መሣሪያ፣ ማን እንደሚለካ፣ የመድረኩ አቅራቢ በጽሑፍ የሰጠው የነፋስ ወሰን ስንት እንደሆነ፣ ወሰኑ ሲታለፍ ማን «ይቁም» እንደሚል ይጻፍ። ለመብረቅ የተለመደው ደንብ ነጎድጓድ እንደተሰማ ማቆምና ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ መጠበቅ ነው።

መድን፣ ክፍያና ማስያዣ

ከተማው በሦስተኛ ወገን ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚሆን የኃላፊነት መድን ይጠይቃል፤ ብዙ ጊዜም የከተማው አስተዳደር ራሱ በመድኑ ውስጥ በስም እንዲካተት ይፈልጋል። ይህ አንድ መስመር ባለመኖሩ የሚመለስ ፋይል ብዙ ነው፤ ስለዚህ ከተማው የሚፈልገውን ትክክለኛ አጻጻፍ ከጽሕፈት ቤቱ ተቀብለው እንዳለ ለመድን ድርጅቱ ይስጡት። መድኑ የመትከያውንና የማንሻውን ቀን መሸፈኑን ይመልከቱ፤ ሠራተኛ ከመሰላል የሚወድቀው በዋዜማው ነው። ድንኳን አከራዩና ምግብ ሻጩ የየራሳቸው መድን ካላቸው የእሱንም ቅጂ ያያይዙ።

ገንዘቡ ሦስት ዓይነት ነው፦ ተመላሽ ያልሆነ የማመልከቻ ክፍያ፣ ለፖሊስ፣ ለትራፊክና ለጽዳት አገልግሎት የሚከፈል፣ እና ቦታው ሳይጎዳ ከተመለሰ የሚመለስ ማስያዣ። ሁለተኛው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ ላይ በግምት ተነግሮ መጨረሻ ላይ በተሠራበት ሰዓት ስለሚታሰብ ሊጨምር እንደሚችል አውቀው በጀት ይያዙለት።

ማስገባትና መከታተል

ከቅጹ ጋር የሚገባው ደብዳቤ ከአንድ ገጽ አይብለጥ። የመጀመሪያው አንቀጽ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት፣ ለስንት ሰው የሚለውን ጨርሶ ይናገር፤ ቀጥሎ የሚጠየቀው ነገር በግልጽ ይቀመጥ፤ በመጨረሻ አባሪዎቹ ከነገጻቸው ብዛት ይዘርዘሩ። ሲያስገቡ ገቢ የተደረገበትን ቁጥርና ቀን በራስዎ ቅጂ ላይ አስመትተው ይያዙ። ያለዚያ ቁጥር ፋይሉ ጠፋ ቢባል መከራከሪያ የለዎትም።

ከዚያ በፊት ግን ጎረቤቶቹን ያነጋግሩ። በዙሪያው ያሉ ነዋሪዎችና ባለሱቆች ቀኑን፣ ሰዓቱንና የሚደውሉበትን ስልክ የያዘ ወረቀት ቀድሞ ከደረሳቸው፣ ቅሬታቸውን ለእርስዎ ይነግሩዎታል፤ ካልደረሳቸው ለፈቃድ ሰጪው ይነግሩታል። ያነጋገሯቸውን ሰዎች ብዛት፣ ያነሡትን ሥጋትና በምላሹ የለወጡትን ነገር በአባሪ ያቅርቡ። አንድ ባለሱቅ ዕቃ የሚያራግፍበት በር ይዘጋብኛል ብሎ፣ አጥሩ 4 ሜትር እንዲሸሽ ተደርጎ፣ ይህም በንድፉ ላይ ሲታይ፣ ለሚፈርመው ሰው ከየትኛውም የድጋፍ ደብዳቤ የበለጠ ይነግረዋል።

በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ገቢ ቁጥሩን ጠቅሰው፣ «ምን ደረሰ?» ሳይሆን «የትኛው ክፍል ጋ ነው? የጎደለ ነገር አለ?» ብለው ይጠይቁ። ፋይሉ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲንከባለል የት እንደቆመ የሚገለጠው በሁለተኛው ጥያቄ ነው። በቃል የተነገረ ማሻሻያ ካለ በዚያው ቀን አጭር ደብዳቤ ጽፈው «በዛሬው ዕለት በተነገረን መሠረት» ብለው ያረጋግጡት። ለትልልቅ ዝግጅቶች ሁሉም ክፍሎች የሚገኙበት ስብሰባ ይጠራል፤ ወደዚያ ሲሄዱ የዝግጅቱን ባለቤት ብቻ ሳይሆን መድረኩን የሚተክለውን ሰውና የጥበቃውን ኃላፊ ይዘው ይሂዱ፣ ምክንያቱም ጥያቄው የሚቀርበው ለእነሱ ነው።

ጥያቄዎ ውድቅ ከሆነ ምክንያቱን በጽሑፍ ይጠይቁ። ብዙ ውድቅ የሚደረግ ማመልከቻ በቦታ፣ በሰዓት ወይም በቁጥር ለውጥ የሚድን ነው። የይግባኝ ጊዜው አጭር ሊሆን ስለሚችል ደብዳቤው የደረሰዎትን ቀን ይመዝግቡ።

ፈቃዱ ሲደርስ ደስ ብሎዎት ወደ መሳቢያ አያስገቡት፤ ቅድመ ሁኔታዎቹን ቁጭ ብለው ያንብቡ። «ድምፅ ማጉያ ከምሽቱ ይህን ሰዓት በኋላ አይፈቀድም»፣ «ከ2,500 ሰው በላይ አይገባም»፣ «ድንኳን በምስማር መሬት ላይ አይመታም» የሚሉት በመጨረሻው ገጽ በጥቃቅን ፊደል ነው የሚሰፍሩት። እያንዳንዱን ቅድመ ሁኔታ ለሚመለከተው ሰው በስም ያከፋፍሉ፤ የሰው ብዛት ከተወሰነ በየመግቢያው የሚቆጥር ሰው ሊቆም ይገባል።

በዕለቱና በማግስቱ

ፈቃዱ፣ የመጨረሻው ንድፍና የመድኑ ወረቀት ቅጂ በአንድ ማኅደር ሆኖ ኃላፊው እጅ ይኑር። ተቆጣጣሪ ሲመጣ የሚያስጎበኘው ሰው አስቀድሞ ይመደብ። ሻጩ ድንኳኑን አንድ ሜትር ወደ ፊት ሲያስጠጋ፣ የአደጋ ጊዜው መንገድ ላይ መኪና «ለአምስት ደቂቃ» ብሎ ሲቆም ወዲያው ማስነሣት የአስተባባሪው ሥራ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ አንዱ ሲፈቀድለት ሌላው ይከተልና መንገዱ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይዘጋል።

መትከል ሳይጀመር ቦታውን ከየአቅጣጫው ፎቶ ያንሡ፤ ቀድሞ የተሰነጠቀ ንጣፍ፣ የተሰበረ አግዳሚ ወንበር፣ የተረገጠ ሣር በቅርበት ይታይ። ቦታውን ሲያስረክቡ ከዚያው ቦታ ቆመው መልሰው ያንሡ፤ የከተማው ተወካይ ባለበት ተዘዋውረው የርክክብ ወረቀት ያስፈርሙ። የማስያዣውን መመለስ በደብዳቤ ሲጠይቁ የክፍያ ደረሰኙን ቁጥር፣ የርክክቡን ወረቀትና ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን አድርገው ያያይዙ፤ ደረሰኙን ግን ቅጂውን እንጂ ዋናውን አይስጡ።